ሰው አታመላልሱ

(ባለፈው ቅዳሜ ለጀማሪ የዌብ ፕሮግራመሮች ያደረግሁት ንግግር ነው። ከቅጂው ላይ ስገለብጠው «እ… እ…» የሚለውን ብቻ ነው ያወጣሁት።)

እንደምን ዋላችሁ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ! ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ለፊት አራት ወንበር ባዶ ነው። ኑ ተቀመጡ፣ ጥያቄ አልጠይቃችሁም። ማይኩ ከኋላ ይሰማል? እሺ።

አዘጋጆቹ ደውለው «ስለ ምን ትናገርልናለህ?» ሲሉኝ «ስለ ፎርም» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ አንደኛው በትህትና «ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ቢሆንስ?» አለኝ። (ሳቅ) አልፈርድበትም። ፎርም የሠራ ሰው ለጓደኛው ደውሎ አይኩራራም።

ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ኢንተርኔት ላይ ፎርም ሞልቶ፣ «ላክ» የሚለውን ነክቶ፣ ገጹ ባዶ ሆኖ የተመለሰበት ሰው እጁን ያውጣ። ተመልከቱ፣ አዳራሹ ሙሉ ነው። አሁን ደግሞ እንዲህ ያለ ፎርም የሠራ ሰው እጁን ያውጣ። ሦስት። ከእኔ ጋር አራት። ታዲያ ያን ሁሉ ፎርም ማን ሠራው?

ዛሬ ሦስት ነገር ነው የምነግራችሁ። አንደኛ፣ ሰው የጻፈውን አትጣሉበት። ሁለተኛ፣ አንዱን ጉዳይ ሁለት ጊዜ አትመዝግቡ። ሦስተኛ፣ ፎርሙን የሚሞላው ማን እንደሆነ እወቁ። ምሳሌዎቼ በጃንጎ፣ በፓይተን ቋንቋ በተጻፈው የዌብሳይት መሥሪያ፣ ናቸው፣ እንጀራዬ እሱ ስለሆነ። በሌላው መሥሪያ፣ በላራቬል፣ የምትጽፉ አትከፉ፤ ስሙ ይለያያል እንጂ ችግሩ ያው ነው።

ከጃንጎ በፊት ግን ስለ አባቴ ልንገራችሁ።

አባቴ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። ደሴ ላይ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ፣ ጃንጥላ ሥር፣ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አንዲት የአማርኛ ኦሊቬቲ ታይፕ አስቀምጦ ይውላል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከጎኑ በርጩማ ላይ እቀመጥ ነበር። ባለጉዳይ ይመጣል፤ ገበሬ ይመጣል፣ የሟች ሚስት ትመጣለች፣ ከወንድሙ ጋር በድንበር የተጣላ ይመጣል። «እማማ፣ አረፍ ይበሉ። ስምዎን እስከ አያት ይንገሩኝ።» ቀስ ብሎ ይጠይቃል፣ ቀስ ብሎ ይመታል። ሁለት ወረቀት፣ በመካከላቸው ካርቦን። ሁልጊዜ ካርቦን። አንዱን ለባለጉዳዩ ይሰጥና ሌላውን ከእግሩ ሥር ባለች የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጣል።

ለምን መሰላችሁ? ባለጉዳዩ መዝገብ ቤት ይሄድና ይመልሱታል። «ቀን አልተጻፈበትም።» «የተከሳሽ አድራሻ ጎድሏል።» ሰውየው አንገቱን ደፍቶ፣ ያን ሁሉ ታሪክ ከመጀመሪያው ሊናገር ተዘጋጅቶ ይመጣል። አባቴ ቆርቆሮውን ይከፍታል፣ ካርቦን ኮፒውን ያወጣል፣ «ሌላው ሁሉ ደህና ነው፤ የጎደለችው ቀኗ ብቻ ናት» ይለዋል። «እንደገና ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» ሲል ሰምቼው አላውቅም። ሁለተኛ ገንዘብ ሲቀበልም አላየሁም።

ያቺን ካርቦን ያዙልኝ። እንመለስባታለን።

አሁን ወደ አንደኛው ነጥብ። ሰው የጻፈውን አትጣሉበት።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ለአንድ ድርጅት የሥልጠና መመዝገቢያ ሠራሁ። ሃያ ምናምን ሳጥን ያለው ፎርም ነው፤ የመጨረሻው «ይህን ሥልጠና ለምን እንደፈለጉ በዝርዝር ያብራሩ» የሚል ትልቅ ሳጥን ነው። ሞከርኩት፣ ሠራ። ለቀቅነው። በሦስተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። አንዲት ልጅ ነች፣ ከኢንተርኔት ቤት ነው የምትደውለው፤ ከጀርባዋ የሚስቁ ልጆች ይሰማሉ። «ወንድም፣ ሦስት ጊዜ ሞላሁት። ሦስቱንም ጊዜ ባዶ ሆኖ መጣ። ተልኳል ማለት ነው ወይስ አልተላከም?»

ተልኳል ወይስ አልተላከም! የሠራሁት እኔ ነኝ፣ እኔም አላውቅም። «ቆይ ልይልሽ» አልኳት። እሷ በሰዓት እየከፈለች ነው፣ እኔ «ቆይ» እላታለሁ።

ምን ሆኖ ነበር? ኮዱን ሰሌዳው ላይ ጽፌዋለሁ፤ ከኋላ የማይታያችሁ በቃል ስሙኝ። ጃንጎ ውስጥ ፎርም የሚቀበለው የኮድ ክፍል፣ ቪው የምንለው፣ እንዲህ ነው የሚሄደው። የመጣው ጥያቄ ፖስት ከሆነ፣ ማለትም የተሞላ ፎርም ይዞ የመጣ ከሆነ፣ ሰውየው በጻፈው የተሞላ ፎርም ሥራ። ፎርሙ ልክ ከሆነ፣ ማለትም ያቺ «ኢዝ ቫሊድ» የምንላት «አዎ» ካለች፣ ዳታቤዝ ውስጥ አስገባና ሰውየውን ወደ «ተመዝግበዋል» ገጽ ሸኘው። ጥያቄው ፖስት ካልሆነ፣ ባዶ ፎርም ሥራ። በመጨረሻ በእጅህ ያለውን ፎርም አሳይ። ይኸው ነው፣ አሥር መስመር አትሞላም።

እኔ ግን «ካልሆነ» የምትለዋን፣ ኤልስን፣ ዘለልኳትና ባዶውን ፎርም የምትሠራዋን መስመር ወደ ግራ አስጠግቼ ጻፍኳት። አራት ስፔስ። ፓይተን ደግሞ እንደምታውቁት በስፔስ ነው የሚተዳደር፤ ወደ ግራ የወጣች መስመር «ካልሆነ»ን ሳትጠብቅ ትሠራለች። ልጅቷ ስትሳሳት ጃንጎ የራሱን ሥራ በሚገባ ሠርቶ ነበር። እንደ አባቴ ካርቦን የጻፈችውን ሁሉ ይዟል፣ የተሳሳተችበትን ሳጥን ለይቷል፣ ምክንያቱን አጠገቡ ለጥፏል። ከዚያ የእኔ መስመር መጣችና ያን ሁሉ በባዶ ፎርም ተካችው። ጽሑፏም ጠፋ፣ ስህተቷም ጠፋ። ቀይ ጽሑፍ የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ፣ ንጹሕ ነጭ ገጽ። ምን ብላ ትረዳው?

ስሞክረው ለምን አላየሁትም? እኔ ሁልጊዜ ልክ አድርጌ ነዋ የምሞላው! ስሜ «ቴስት»፣ የአባቴ ስም «ቴስት»፣ ስልኬ አንድ ዓይነት ቁጥር የተደረደረበት። ሙከራ ስታደርጉ መጀመሪያ አበላሽታችሁ ሙሉ። ልክ የሆነውን በመጨረሻ።

እሷስ ምን ብትሳሳት ነው? ስልኳን ስትጽፍ በቁጥሮቹ መካከል ክፍተት አድርጋ ነበር፤ ሁላችንም ወረቀት ላይ እንደምንጽፈው። የእኔ ማጣሪያ አሥር ቁጥር ብቻ ይጠብቃል፤ ስፔሱን ሲያይ «አይሆንም» አለ። በአንዲት ስፔስ ምክንያት አንዲት ልጅ የአንድ ሰዓት ጽሑፏን ሦስት ጊዜ ጻፈች። ስፔስ ማጥፋት ለኮምፒውተር ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ማሽኑ ሊያስተካክለው የሚችለውን ነገር ሰው እንዲያስተካክለው አትመልሱት። ጃንጎ በጽሑፉ ዳርና ዳር ያለውን ስፔስ ራሱ ያራግፋል፤ በመካከል ያለውን ግን እናንተ ናችሁ የምታጸዱት። ለእያንዳንዱ ፊልድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ሳጥን፣ «ክሊን» ብላችሁ የምትጽፏት ፈንክሽን ለዚህ ነው የተሠራችው።

ይህን ካስተካከልኩ በኋላ «አሁን ተገላገልኩ» አልኩ። አልተገላገልኩም። ካርቦን የማይዘው ነገር አለ። ፎቶ! ፋይል የተያያዘበት ፎርም በስህተት ሲመለስ ጽሑፉ ይመለሳል፣ ፋይሉ ግን አይመለስም። ብራውዘሩ ነው የሚከለክለው፤ አንድ ዌብሳይት የሰው ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ፋይል በራሱ እንዳይመርጥ ነው፣ ክልከላው ትክክል ነው። የይለፍ ቃል ሳጥንም እንዲሁ፤ ጃንጎ ሆን ብሎ ባዶ አድርጎ ነው የሚመልሰው፣ እሱንም ተዉት። ግን አስቡት። አንድ ልጅ በስልኩ ያነሳውን 4 ሜጋባይት የመታወቂያ ፎቶ በራሱ ካርድ፣ በዘገምተኛ ኔትወርክ ጭኖ፣ «የአያት ስም አልሞሉም» ተብሎ ይመለሳል። እንደገና 4 ሜጋባይት። ከብሩ ላይ ነው እኮ! ስለዚህ እኔ ፎቶውን ለብቻው አደርገዋለሁ። መጀመሪያ ጽሑፉ ይሙላ፣ ልክ መሆኑ ይረጋገጥ፣ ይቀመጥ፤ ከዚያ ቀጣዩ ገጽ ፎቶ ብቻ ይጠይቅ። አንዳንዶች ፋይሉን በጊዜያዊነት ሰርቨር ላይ ያቆዩታል፤ እሱም ጥሩ ነው።

መቼም ፎቶ ካነሳሁ አይቀር፣ ፎርሙ ላይ ፋይል እንዲላክ የሚያደርገውን «መልቲፓርት» የሚባል ኢንኮዲንግ መጻፍ ረስቶ ፋይሉ ለምን ባዶ እንደሚመጣ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈልግ ያደረ ሰው አለ? (ሳቅ) አላችሁ። እኔም አለሁበት።

ስለ ስህተት መልእክትም አንድ ነገር። «ትክክለኛ ዋጋ ያስገቡ።» ይህ አማርኛ ነው? ባለጉዳዩ «የምን ዋጋ? ስንት ብር ነው?» ቢል ትፈርዱበታላችሁ? ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የተገለበጠ ነው። አባቴ ቢሆን ምን ይል ነበር? «ስልክዎ አንድ ቁጥር ጎድሎታል፤ 9 ብቻ ነው የጻፉት።» ይኸው። ምን እንደጎደለ፣ የት እንደጎደለ፣ በአክብሮት። ጃንጎ ለእያንዳንዱ ፊልድ የራሳችሁን መልእክት እንድትጽፉ ቦታ ሰጥቷችኋል። ጻፉበት።

ሁለተኛው ነጥብ። አንዱን ጉዳይ ሁለት ጊዜ አትመዝግቡ።

የዚያው ሥልጠና ምዝገባ ሲዘጋ ዝርዝሩን አትሜ ለኃላፊዋ ይዤላት ሄድኩ። በጣቷ እየተከተለች ስታነብ ቆየችና «ይኼ ልጅ ስንት ነው?» አለችኝ። አየሁት፤ ስድስት ጊዜ ተመዝግቧል። ስሙ አንድ፣ ስልኩ አንድ። ስድስት መስመር! ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍበት «ላክ» የሚለውን ደጋግሞ ነክቶታል። ማን አይነካም? ሊፍት ስትጠብቁ ቁልፉን አንዴ ብቻ ነው የምትጫኑት?

መዝገብ ቤት ልመልሳችሁ። ሥራውን የሚያውቅ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ማመልከቻችሁን ሲቀበል ምን ያደርጋል? ማኅተም ይመታል፣ የገቢ ቁጥር ይጽፋል፣ ቁጥሩን ይሰጣችሁና «በዚያኛው መስኮት ተከታተሉ» ይላችኋል። ከዚያ በኋላ አሥር ጊዜ ብትመላለሱ ቁጥራችሁን አይቶ ይነግራችኋል እንጂ አዲስ ፋይል አይከፍትላችሁም።

ሪዳይሬክት ማለት ያ ሁለተኛው መስኮት ነው። ፖስት ሲመጣ ተቀበሉ፣ መዝግቡ፣ ከዚያ «ተመዝግበዋል» የሚለውን ገጽ እዚያው አታሳዩ። ወደ ሌላ አድራሻ ሸኙት። 302 የሚባለውን መልስ ስትሰጡ ብራውዘሩ ራሱ ወደ አዲሱ አድራሻ በጌት፣ ማለትም ገጽ ለማንበብ ብቻ በሚጠየቅበት መንገድ፣ ይሄዳል። አሁን ሰውየው ገጹን መቶ ጊዜ ሪፍሬሽ ቢያደርግ ማንበብ ብቻ ነው። ሳትሸኙት እዚያው ካሳያችሁት ግን ሪፍሬሽ ሲያደርግ ብራውዘሩ «የላኩትን እንደገና ልላከው?» ይለዋል። ሰው ምን ያደርጋል? «አዎ» ይላል። ሁለት ጊዜ ከከፈለ በኋላ ደግሞ እናንተ ጋ ይደውላል።

ግን ልብ በሉ፤ ሪዳይሬክት የዚያን ልጅ ስድስት መስመር አያድነውም። እሱ የነካካው መልሱ ከመድረሱ በፊት ነው። ስድስቱም ጥያቄ መንገድ ላይ ነው ያለው። «ቁልፉን በጃቫስክሪፕት፣ ብራውዘሩ ውስጥ በሚሠራው ኮድ፣ አደበዝዘዋለሁ» የምትሉ አላችሁ፤ አደብዝዙት፣ ጥሩ ነው፣ ሰውየውም መነካቱን ያውቃል። ግን ኔትወርኩ ተቋርጦ ስልኩ ራሱ ደግሞ ቢልክስ? ጃቫስክሪፕቱ ሳይጫን ገጹ ቢከፈትስ?

ደግሞ አንዳንዶቻችሁ እንዲህ ታደርጋላችሁ፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ከመመዝገባችሁ በፊት «ይህ ስልክ አለ?» ብላችሁ ዳታቤዙን ትጠይቃላችሁ። «የለም» ሲላችሁ ታስገባላችሁ። በሁለት መስኮት የተቀመጡ ሁለት ሠራተኞች አስቡ። ያው ልጅ በሁለቱም መስኮት በአንድ ጊዜ ወረቀቱን ያስገባል። ሁለቱም መዝገቡን ያያሉ፣ ሁለቱም «የለም» ይላሉ፣ ሁለቱም ይጽፋሉ። ሁለቱም አልዋሹም! ሲያዩ በእርግጥ አልነበረም። ስለዚህ የመጨረሻውን «አይ» ማለት ያለበት መዝገቡ ራሱ ነው፣ ዳታቤዙ። ሞዴላችሁ ላይ፣ ማለትም የዳታቤዙን ዓምዶች በምትገልጹበት ኮድ ላይ፣ ድግግሞሽ የሚከለክለውን «ዩኒክ» የሚባል ገደብ አድርጉ።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ባዶው ፎርም ሲከፈት አንድ የማይደገም ቁጥር በድብቅ ሳጥን ውስጥ እጨምራለሁ። ስድስቱ ጥያቄ ሲመጣ ስድስቱም ያንኑ ቁጥር ይዘው ይመጣሉ። የመጀመሪያው ይመዘገባል፤ አምስቱን ዳታቤዙ ይመልሳቸዋል። አሁን ስሙኝ፣ ዋናው እዚህ ላይ ነው። ለአምስቱ ምን እንመልስ? «ስህተት! አስቀድመው ተመዝግበዋል!» ብለን እንጩህበት? ሰውየው እኮ የሚያየው የመጨረሻውን መልስ ነው! ተመዝግቦ ሳለ አልተመዘገብኩም ብሎ ይሄዳል። አትጩሁበት። ያንኑ የገቢ ቁጥር ፈልጋችሁ፣ ያንኑ «ተመዝግበዋል» የሚለውን ገጽ አሳዩት። ስድስት ጊዜ ነካ፣ አንድ ጊዜ ተመዘገበ፣ መልሱ አንድ ነው።

ፖስትግሬስ የሚባለውን ዳታቤዝ የምትጠቀሙ አንድ ነገር ያዙ። ዳታቤዙ በትራንዛክሽን፣ አብረው በሚፈጸሙ ትእዛዞች፣ መካከል «አይሆንም» ካለ ያ ትራንዛክሽን ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ አይሰማም። መመዝገቢያዋን መስመር በራሷ «አቶሚክ»፣ ማለትም ብትወድቅ ለብቻዋ በምትሰረዝበት ክፍል፣ ውስጥ አስገቧት፤ አለዚያ ያንኑ የገቢ ቁጥር ልፈልግለት ስትሉ ሌላ ስህተት ይጠብቃችኋል። እኔ ይህን ያወቅሁት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው።

ስለ ደኅንነት የያዝኩት ራሱን የቻለ ነጥብ ነበር፤ ሰዓቱን እያየሁ ነው፣ በጨረፍታ ልለፈው። ያቺን የሲኤስአርኤፍ ቶክን አታጥፏት። ሌላ ዌብሳይት በእናንተ ተጠቃሚ ብራውዘር፣ በእሱ ስም፣ ያልሞላውን ፎርም እንዳይልክ የምትጠብቅ ማኅተም ናት። 403፣ ያ «አልተፈቀደም» የሚለው ስህተት፣ ሲመጣባችሁ ተናዳችሁ «ኤግዘምፕት» ብላችሁ ጥበቃውን የምታጠፉ አላችሁ፤ ዓይኔ እያያችሁ ነው። (ሳቅ) ብዙ ጊዜ 403 የሚመጣው ሰውየው ፎርሙን በአንድ ታብ ከፍቶ በሌላ ታብ ሎግ ኢን ሲያደርግ ነው፤ ሎግ ኢን ሲደረግ ቶክኑ ይቀየራልና። መፍትሔው ማኅተሙን መጣል ሳይሆን ያንን አስፈሪ የእንግሊዝኛ ገጽ በራሳችሁ ገጽ መተካት ነው። ሰቲንግ ውስጥ ቦታ አለው።

ሌላው፣ ያልጠየቃችሁትን አትቀበሉ። በ2012፣ በፈረንጆቹ፣ አንድ ሩሲያዊ ወጣት ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን በሚያስቀምጡበት ዌብሳይት፣ ጊትሃብ ላይ፣ በአንድ ፎርም ውስጥ ያልነበረ ሳጥን ጨምሮ ላከ። ሰርቨሩም የመጣለትን ሁሉ ተቀበለ። ወጣቱም በዚያ በኩል ሬይልስ የተባለው የዌብሳይት መሥሪያ ፕሮጀክት ውስጥ ገብቶ ኮድ አስገባ። ከዚያ በፊት ስለ ችግሩ ተናግሮ ነበር፣ ሰሚ አላገኘም። ጃንጎ ውስጥ በቀጥታ ከሞዴሉ የሚወጣውን ሞዴል ፎርም ስትሠሩ «ኦል» ብላችሁ ሁሉንም ፊልድ ካስገባችሁ እናንተም ያንኑ በር ከፈታችሁ። ገጹ ላይ ባይታይም «ተፈቅዶለታል» የሚል ፊልድ ካለ ሰው ሞልቶ ሊልከው ይችላል። ፊልዶቹን በስም ዘርዝሩ። አበቃሁ በዚህ ላይ።

ሦስተኛው ነጥብ፣ እኔ የምወደው። ፎርሙን የሚሞላው ማን እንደሆነ እወቁ።

ጃንጎ የተወለደው ካንሳስ ውስጥ፣ ሎረንስ በምትባል ከተማ፣ ጋዜጣ ቤት ውስጥ ነው፤ በ2003 ተጀምሮ በ2005 ለሕዝብ ተለቀቀ፣ በፈረንጅ። ስሙም የጊታር ተጫዋቹ የጃንጎ ራይንሃርት ነው። የጋዜጣ ቤት ልጅ ስለሆነ ፈጣን ነው፤ ነገ ጠዋት ለሚወጣ ነገር ዛሬ ማታ ለሚሠራ ሰው ነው የተሰናዳው። እወደዋለሁ። ግን አሜሪካዊ ነው። ካልነገራችሁት በስተቀር ሰው ሁሉ ስምና የቤተሰብ ስም ያለው ይመስለዋል። የተጠቃሚው ሞዴል ላይ ሁለት ሳጥን ነው ያለው። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። ዋሽንግተን ያለችው አክስቴ ልጆቿን ይዛ ስትጓዝ በየወረቀቱ ላይ እናትና ልጅ መሆናቸውን ስታስረዳ ነው የምትኖረው፤ የእሷ አያት ሌላ፣ የልጆቿ አያት ሌላ። እዚያ አገር ፎርሙ የእነሱ ነው፣ ምን ይደረጋል። ግን እዚህ፣ ለእዚህ ሰው፣ እኛ ራሳችን በሠራነው ፎርም ላይ «የቤተሰብ ስም» ብለን የምንጠይቀው ለምንድን ነው? ሦስት ሳጥን። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። አለቀ።

ስሙን በፊደላችን ሲጽፍ ደግሞ አትከልክሉት። ከ«ኤ» እስከ «ዜድ» ብቻ የሚቀበል ማጣሪያ ከሆነ ቦታ ገልብጣችሁ ታመጡና፣ ከበደ «ከበደ» ብሎ ሲጽፍ «ስምዎ ልክ አይደለም» ይባላል። በገዛ አገሩ! ፊደላችን ዩኒኮድ፣ የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር በሚመዘገቡበት ዝርዝር፣ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፣ በፈረንጅ። ከዚህ በኋላ ሰበብ የለንም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፤ ፀሐይ የምትባል ልጅ በፀሐዩ «ፀ» ትጽፋለች፣ መዝጋቢው በ«ጸ» እና በ«ሀ» ሊፈልጋት ይችላል። ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ናቸው። ስሟን ግን አታስተካክሉባት። እሷ እንደጻፈችው ይቀመጥ። ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሌላ ዓምድ ጨምሩና እዚያ ላይ «ጸ»ንም «ፀ»ንም ወደ አንድ፣ «ሀ»፣ «ሐ»፣ «ኀ»ንም ወደ አንድ አምጡ።

ስልክማ አይነሳ። በ09 የማይጀምር ቁጥር የሚከለክል ማጣሪያ ጽፌ ስንት ዓመት ተጠቀምኩበት። በ2015 መጀመሪያ ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ፣ 07 መጣ፣ ያ ሁሉ ፎርሜ አዲሶቹን ደንበኞች ደጅ አስቀራቸው።

አሁን ቀን። የልደት ቀን! እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ግንቦት 2016 ላይ ነው። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 24 ለሆኑ ወጣቶች መመዝገቢያ ሠራሁ። «የልደት ቀን» የሚል አንድ ሳጥን አስቀመጥኩ። በመጀመሪያው ቀን ግማሹ ሰው «ቀኑ ልክ አይደለም» እየተባለ ይመለሳል፣ ግማሹ ያልፋል። ለምን ግማሹ? ጃንጎ ካልነገራችሁት በአሜሪካ ልማድ ወርን ያስቀድማል። 25/04 ብሎ የጻፈ ሰው ሃያ አምስተኛ ወር ስለሌለ ይመለሳል። 12/04 ብሎ የጻፈ ግን አሥራ ሁለተኛ ወር ስላለ ሰተት ብሎ ገባ። የተመለሱት እየደወሉ ያማርራሉ፤ የገቡት ዝም ብለዋል፣ በስህተት መግባታቸውን አያውቁም።

«ቀን ይቅደም» ብዬ አስተካከልኩት። ሁሉም ማለፍ የጀመረ መሰለኝ። ደስ አለኝ፣ ቡና ጠጣሁ።

ከሁለት ቀን በኋላ አንድ ልጅ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ቢሮ ድረስ መጣ። የተማሪ መታወቂያውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «ጋሼ፣ ዕድሜህ አልፏል አለኝ። እኔ እኮ አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ» አለ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1999 ነው የተወለደው። 12/04/1999 ብሎ ጻፈ፤ ልክ ነው፣ ታኅሣሥ አራተኛ ወር ነው። ሰርቨሬ ግን ኤፕሪል 12፣ በፈረንጅ 1999 ብሎ አነበበው። የ17 ዓመቱን ልጅ 25 አስሞላው!

እስቲ አስቡት፤ ይኼ ልጅ ድንበሩን ስላለፈ ነው የመጣው። ስምንት ዓመት ገደማ አርጅተው 24 ላይ የቀሩትስ? እነሱ አልመጡም። የተሳሳተ ዕድሜያቸውን ይዘው ዳታቤዜ ውስጥ ተኝተዋል። የሚመልስ ስህተት ሰውን ያንገላታል፣ ግን ይታያል፤ ዝም ብሎ የሚቀበል ስህተት ግን ማንም ሳያውቀው ይኖራል። በነገራችን ላይ በዚያም ወቅት የሚመለሱ ነበሩ፤ ጥቅምት 30 የተወለዱት፣ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው፣ የጳጉሜ ልጆች ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለሌለው። ጳጉሜ የተወለደ አለ እዚህ? ሁለት! ስንት ፎርም ላይ ነሐሴ 30 ብላችሁ ሞልታችኋል? ተውት፣ አውቀዋለሁ።

አሁን የማደርገው ይህ ነው። ሦስት ሳጥን፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። ወሩ በቁጥር አይደለም፣ በስም ነው፤ መስከረም፣ ጥቅምት እያለ እስከ ጳጉሜ ይዘረዘራል። «ታኅሣሥ»ን የመረጠ ሰው በየትኛው አቆጣጠር እንደሞላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በፈረንጅ የሚያውቅ ካለ፣ ከውጭ አገር የሚሞሉ ወገኖችም አሉና፣ የሚቀይርበት ቁልፍ አለው። የጳጉሜን ስድስተኛ ቀን የምቀበለው ዓመቱ ለአራት ሲካፈል ሦስት ከተረፈው ብቻ ነው፤ 2015 እንደዚያ ነበር፣ ዘመነ ሉቃስ። ከዚያ ሰርቨሩ ወደ ፈረንጅ ይለውጠዋል፣ ዳታቤዙ ውስጥ በአንድ አቆጣጠር ይቀመጣል። ከመመዝገቡ በፊት ደግሞ አባቴ ያደርግ እንደነበረው አነብለታለሁ፤ «ታኅሣሥ 12 ቀን 1999፣ ዕድሜ 17። ልክ ነው?» ልጁ «አዎ» ሲል ብቻ ነው የሚመዘገበው። ያቺ «ዕድሜ 17» የምትል ቃል የስንቱን ስህተት እንደያዘችልኝ አልነግራችሁም።

አዘጋጁ ሰዓቱን እያሳየኝ ነው። ያቺ ከኢንተርኔት ቤት የደወለችው ልጅ ምን ሆነች ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ እኔው ልንገራችሁ። በዚያው ቀን ማታ አስተካክዬ ደወልኩላት፣ «አሁን ይሠራል፣ ሙዪው» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «ወንድም፣ የጻፍኩትን አላስታውሰውም» አለችኝ። ስሟን ዝርዝሩ ላይ ፈለግሁት፣ የለም።

እሺ። ሻይ ከውጭ ተዘጋጅቷል። የራሳችሁን ፎርም ይዛችሁ የመጣችሁ ላፕቶፓችሁን ክፈቱና ወደዚህ ቅረቡ፣ አብረን እናየዋለን። ቪዋችሁን ስታሳዩኝ መጀመሪያ የምመለከተው ያቺን ባዶ ፎርም የምትሠራዋን መስመር ነው፣ ስንት ስፔስ እንደገባች። አመሰግናለሁ።